የእትዬ ዘይነባ ድምፅና የእኔ ቀርከሃ

ዛሬ ጠዋት አንድ ድመት በከዘራዬ መታሁ። ድመት ግን አልነበረም። ደብረ ብርሃን ባጃጆቹ ተደርድረው ከሚቆሙበት ትንሽ አለፍ ብሎ ብርድ ልብስ የምትሸጥ ሴትዮ አለች፤ ጥቂት ወጣቶች ከበው ያነጋግሯታል። እኔ መነጽሬን ራስጌዬ ትቼ ወጥቻለሁ። ቀና ብል ከሴትዮዋ ራስ በላይ ግራጫ ፀጉራም ነገር ሲወዛወዝ አየሁ። ከቆርቆሮው ላይ ሊዘልባት ያደባ ድመት ነው ብዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሰው የማድን ይመስል ከዘራዬን ሰነዘርኩ። ድመቱ ዝም። የጮኸው ከወዲያ ጆሮው ላይ ትልልቅ ማዳመጫ ደፍቶ የቆመው ጎረምሳ ነው። ዱላው ፀጉራሙ ነገር ላይ ሲያርፍ ድምፁ ልጁ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ኖሯል፤ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ።

ይቅርታ ጠየቅሁ። ከአዲስ አበባ ለቀረጻ የመጡ ናቸው፤ ጨዋ ልጆች። ጎረምሳው ጆሮውን እያሸ፣ “ማይክሮፎን ነው እኮ አባቴ፣ ፀጉሩ ነፋስ ለመከላከል ነው” ብሎ እንደ ሕፃን አስረዳኝ። አውቃለሁ አልኩት። በደርግ ጊዜ እዚሁ ከተማ፣ ከዚህ ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ እንዲህ ያለውን በገዛ እጄ ሠርቼ ነበር፤ ፀጉሩም የመንዝ በግ ነበር አልኩት። ልጁ ፈገግ አለ። ለሽማግሌ የሚፈገግ ፈገግታ አለ፤ እሺ አባቴ፣ አዎ፣ ይበሉ፣ የሚል። ቤቴ ገብቼ ምሳዬን ሳልበላ ብዕር ያነሳሁት በዚያ ፈገግታ ምክንያት ነው።

ያኔ ራዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። ሱቅ ነበረኝ ብል ውሸት ነው፤ የነበረኝ የጋሽ በቀለ ልብስ ስፌት በረንዳ ላይ አንድ ጠረጴዛ ነው። ጋሽ በቀለ ሲንጀሩን ይረግጣል፣ እኔ ብየዳዬን አጨሳለሁ። በረንዳው ወደ አስፓልቱ ያያል፤ ከጣርማ በር የሚወርደው የጭነት መኪና ሁሉ በፊታችን ያልፋል። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ከሳምቡሳ ጋር በሃያ አምስት የሚጠጣበት ዘመን ነው። የቀበሌው የድምፅ ማጉያ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ የሚያስመታ መዝሙር ይለቃል፤ ጋሽ በቀለም ሳይታወቀው መርገጫውን ከሰልፉ ጋር እኩል ይረግጣል፤ መዝሙሩ ፈጠን ያለ ቀን ሱሪ ቶሎ ይደርሳል። ጎረምሳ ሁሉ ካኪ ለባሽ ነው። ከካኪ ሌላ የለበሰ ሰው ከሩቁ ይታያል፤ እኔም መታየት እወድ ነበር። ይህን ያዙልኝ፣ መዘዝ ያመጣብኛል።

ከራዲዮ ጥገናው ጎን ለጎን አንድ ሥራ ፈጠርኩ፤ እስካሁንም የምኮራበት እሱ ነው። የደብዳቤ ጸሐፊዎች ፖስታ ቤቱ ደጃፍ በሃምሳ ሳንቲም ይጽፋሉ። እኔ ደግሞ የእናቶችን ድምፅ በካሴት እየቀረጽኩ ሰሜን ላሉ ወታደር ልጆቻቸው የምልክ ሆንኩ። ካሴቱን ይዞ የመጣ በአንድ ብር፤ ያልያዘ እኔው አሮጌ ዘፈን ደምስሼ እሰጠዋለሁ። ስንቱን ዘፋኝ በእናቶች ሰላምታ እንደቀበርኩት አላህና እግዜር ይወቁት።

ችግሩ የአገሬ ሰው ማይክሮፎን ፊቱ ሲደቀን ሰውነቱ ይለወጣል። ገሚሱ ቀበሌ ስብሰባ የተጠራ ይመስል ብድግ ብሎ መፈክር ያሰማል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይስቡና በሹክሹክታ ይቀራሉ። አንዲት የመዘዞ ሴትዮ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ማይክሮፎኑን ሦስት ጊዜ ሳመችው እንጂ ቃል አልወጣትም። ስለዚህ ማየት በማይችሉበት፣ ከራሳቸው በላይ ልስቀለው አልኩ። ረጅም ቀርከሃ ገዝቼ ውስጡን በጋለ ብረት ከጫፍ እስከ ጫፍ በሳሁት፤ ሽቦውን በውስጡ አሳለፍኩ። ከሞተ ቴፕ የነቀልኩትን ማይክሮፎን ቲማቲም ድልህ በነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ ጫፉ ላይ አሰርኩት። ሰውዬው ወይም ሴትዮዋ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከጋሽ በቀለ ጋር እንደ ዋዛ ይጫወታሉ፣ እኔ ከኋላ ቆሜ ቀርከሃዬን ደረቴ ላይ ተደግፌ ከላይ አንዣብባለሁ።

በአንድ ቀን ጸጥ ብሎ የሠራ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ “እምምም” የሚል የንብ ቀፎ ድምፅ አመጣ፤ ከመብራቱ መስመር ነቅዬ በስድስት የራዲዮ ድንጋይ ሳሠራው ንቡ ጠፋ። ቀጥሎ የደብረ ብርሃን ነፋስ ነው፤ እሱን የመንዝ በግ ፀጉር ቆርቆሮው ላይ አልብሼ ዝም አሰኘሁት። ጣቴን ቀርከሃው ላይ ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ቤት የሚፈርስ ይመስል “ጓ፣ ጓ” ሲል ደግሞ፣ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ላስቲክ በቀጭኑ ቆርጬ ማይክሮፎኑን ቆርቆሮው መሐል እንደ ሸረሪት በድር አንጠለጠልኩት። ማንም አላስተማረኝም። መጽሐፉም አልነበረም፣ ቢኖርም ቋንቋውን አላነበውም። ከዚያ በኋላ ድምፁ ምንጭ ውኃ ሆነ። ጋሽ በቀለ ለሰው ሁሉ ሲያስተዋውቀኝ፣ “ይሄ ልጅ ዕቃውን ጸጥ አሰኝቷል፤ የቀረው ራሱን ማሰኘት ነው” ይል ነበር።

እትዬ ዘይነባ የመጡት በዚህ ኩራቴ ጫፍ ላይ በቆምኩበት ሰኞ ነው። የአልዩ አምባ ሴት ናቸው፤ በርበሬና ጥጥ ይዘው ዳገቱን እየወጡ የሚነግዱ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው የሚያስሩ። አንድ ልጃቸው ሰይድ ሰሜን ነው። አብሯቸው ተፈራ የሚባል የመዘዞ ወታደር መጥቷል፤ ከሰይድ ጋር አንድ ጓድ ውስጥ ናቸው፣ ፈቃዱን ጨርሶ በስምንት ሰዓት በሚያልፈው የጭነት መኪና ይመለሳል። ተፈራ ነገሩን አስረዳኝ። በእኛ አገር መርዶ በደብዳቤ እንደማይላክ ማን ያጣዋል። ሩቅ ላለ ሰው፣ የሞተው እንዳልሞተ ሆኖ ሰላምታ ይጻፍለታል። የሰይድ አባት ከተቀበሩ በኋላ ለልጃቸው ሦስት ደብዳቤ “ጽፈዋል”፤ በሦስቱም ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ ብለዋል። ልጁ እውነቱን የሰማው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከአገሩ ሰው አፍ አምልጦ ነው። ከዚያ ወዲህ ወረቀት አያምንም። የእናቱ ሰላምታ በመጣ ቁጥር፣ እሷንም ቀብረዋታል ብሎ እህል አይበላም። በተፈራ በኩል የላከው ቃል አጭር ነው፦ ካለች ድምፅዋን ስደዱልኝ፤ ከሌለችም ዱዓ ላድርግላት።

አባቱ ሲሞቱ እነዚያን ደብዳቤዎች ያስጻፈው ማን እንደነበረ ጠየቅሁ። እትዬ ዘይነባ ጣታቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። “እኔው ነኝ። ልጄ እንዳይደነግጥ ብዬ። አሁን ለኔ ማን ይመስክርልኝ?”

ምስክሩ እኔ ነኝ አልኩ። አፌ እንዲህ ነው።

እንግዲህ ስለ ልብሴ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ከኮንትሮባንድ ነጋዴ ሰማያዊ ቴትሮን ሸሚዝ በአሥራ ስምንት ብር ገዝቼ ነበር። ኮሌታው ትከሻ ይደርሳል፤ ታጥቦ ሳይተኮስ የሚለበስ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ዓሣ የሚያበራ። ላዩ ላይ እህቴ በመንዝ ሱፍ የሠራችልኝን ሹራብ ደረብኩ፤ ኮሌታውን ግን በሹራቡ ላይ አውጥቼ ዘረጋሁት፣ አለዚያ አሥራ ስምንት ብሩ ምን ሊሆን ነው። ሰኞ ማለዳ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ውርጩ ሣሩን ያነጣ፣ አየሩ ከንፈር የሚሰነጥቅ ቀን ነበር። በረንዳው ላይ እንደ ሙሽራ ቆምኩ። ጋሽ በቀለ ከእግሬ እስከ ራሴ አይቶኝ፣ “ሚዜዎችህስ?” አለኝ።

እትዬ ዘይነባን በርጩማው ላይ አስቀመጥኩ፣ ቀርከሃዬን አነሳሁ፣ ቴፑን ከፈትኩ። አወሩ። ካሴቱን መልሼ ባሰማ፣ ሴትዮዋ የሉም፤ ያለው እሳት ነው። “ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጠሻሽ” የሚል፣ ደረቅ ቅጠል የሚንቦገቦግ የሚመስል። ድምፃቸው ከእሳቱ ወዲያ ማዶ እንደቆመ ሰው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ተፈራ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደና፣ “እኔ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እንኳ እሳቸው መሆናቸውን አላወቅሁም” አለ። “ሰይድ ይሄን ቢሰማ፣ አንዷን ሴት ከፍለው አናገሯት ነው የሚለው።”

ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ድንጋዮቹን አውጥቼ በጥርሴ ነክሼ መልሼ አስገባሁ። ጠሽ። የሽቦውን ሁለት ጫፍ ፈትቼ እንደገና በየድኩ። ጠሽ። የበጉን ፀጉር ገፈፍኩ፤ ነፋሱ ተጨመረበት እንጂ እሳቱ አልጠፋም። ሌላ ካሴት ከተትኩ። ካላማዳሪያውን በአዲስ ቀየርኩ። የሚገርመው፣ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ስሞክረው ጸጥ ይላል፤ አንዲት ጠሽ እንኳ የለም። ደስ ብሎኝ ቀርከሃውን ባነሳው ጊዜ ደግሞ ይነዳል። አምስት ሰዓት ሆነ። የጋሽ በቀለ ደንበኞች ሥራቸውን ትተው ዙሪያችን ቆሙ፤ አንዱ ኬላው ላይ ያለው የወታደር መገናኛ ነው የሚረብሽህ ይለኛል፤ አንዱ ቀርከሃው እርጥብ ነው ይላል፤ ጋሽ በቀለ ደግሞ ዕቃው በሰይድ አባት ደብዳቤ አዝኖ ይሆናል አለ፤ ማንም አልሳቀለትም። እትዬ ዘይነባ በርጩማው ላይ ጨብጠው የያዙትን የጨርቅ ጥቅል እየፈቱ ይቋጥራሉ። የቀረን ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። ያን ቀን የወረደኝን ላብ የሹራቡ ሙቀት ነው ብዬ ተከላከልኩ።

እውነቱን የደረሱበት እሳቸው ናቸው። ማልቀስ ሲቀረኝ አዩና፣ “አይዞህ ልጄ” ብለው ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። ወዲያው እጃቸውን እንደ ተነደፈ ሰው ሰበሰቡ። “ቢስሚላህ! ይሄ ልጅ ይነድፋል።” ዳግመኛ በአንድ ጣታቸው ነካ አደረጉኝ፤ አሁንም ጠሽ። ቀረብ ብለው ጆሮአቸውን ወደ ብብቴ አዘነበሉ፤ “እስቲ ክንድህን አንሳ” አሉኝ። አነሳሁ። በረንዳው ሁሉ ሰማው፤ ሹራቡ በቴትሮኑ ላይ ሲንሸራተት ጠሽ፣ ጠሻሽ።

“የሚጮኸው አንተ ነህ እንጂ ዕቃውማ ምን አደረገ” አሉ እትዬ ዘይነባ።

ዛሬ ላይ ሆኜ ነገሩን ማስረዳት እችላለሁ። በደረቅ ብርድ ሱፍና ቴትሮን ሲፋተጉ ኤሌክትሪክ ይወልዳሉ፤ ቀርከሃዬን ባነሳሁ ባወረድኩ ቁጥር ደረቴ ላይ መብረቅ እያበረቅሁ ለሽቦው አቀብለው ነበር። ያን ቀን ግን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ መላ ዕቃውን ፈትቼ ሳበቃ ሳልመረምረው የቀረው ራሴን ነው። ጋሽ በቀለ የስፌት መርገጫውን ትቶ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ፤ እንባውን የጠረገበት ሱሪ የሰው ነው።

ሹራቡን አውልቄ ካፖርታዬን ብደርብ፣ ቴትሮኑ ከገበሩ ጋር እየተጣበቀ አላረፈም። ሁለቱንም አወለቅሁ። በደብረ ብርሃን ውርጭ በረንዳ ላይ ከወገብ በላይ ራቁቴን ቆምኩ። ደረቴ ሲንቀጠቀጥ ቀርከሃው ይንቀጠቀጣል፤ እንዲህማ ሆኖ አይቀረጽም። ጋሽ በቀለ ዘንድ ያለው ልብስ በሙሉ ደግሞ ወይ ሱሪ ነው ወይ ገና ያልተገጣጠመ ነው። እትዬ ዘይነባ ፊታቸውን አዙረው የቋጠሩትን ጨርቅ ፈቱ። ውስጡ ለሰይድ በተፈራ እጅ የሚልኩት ሸሚዝ ነበር፤ ጥጡን ራሳቸው ፈትለው፣ አልዩ አምባ አስሸምነው፣ በእጃቸው የሰፉት፣ ወፈር ያለ ነጭ። ወደ ኋላቸው ሳይዞሩ ዘረጉልኝ።

የልጅዎን አዲስ ልብስ እንዴት ቀድሜው እለብሳለሁ ብዬ እምቢ አልኩ።

“ልበሰው። ብርድ አገር ነው ያለው፤ አንተ አሙቅለት” አሉኝ።

ሰይድ እንደ እናቱ ቀጭን ኖሯል። እኔ ደግሞ፣ አሁንም እንደምታዩት፣ ለቀጭን የተሰፋ ነገር አይሆነኝም። ሆዴን ስቤ ቆለፍኩት። ቀርከሃውን አንስቼ ጫፉን ደረቴ ላይ ደገፍኩ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ጸጥታ። ሩቅ የሚሄድ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ብቻ። ለእትዬ ዘይነባ በራሴ ጠቆምኳቸው። እሳቸውም ወደ ላይ አላዩም፣ ወደ እኔም አላዩም፤ ተፈራን እያዩ፣ በሩ ላይ ለቆመ ልጅ እንደሚናገሩ ጀመሩ።

“ሰይዶ፣ እኔ ነኝ። አባትህን ደብቄሃለሁ፤ ወላሂ ለደግ ብዬ ነው፣ አውፍ በለኝ። እኔን ግን ማንም አልደበቀህም። አለሁ። ብላ እንግዲህ፣ እህል ብላ።”

ከዚያ ወዲያ ሃያ ደቂቃ ያህል አወሩ። የበርበሬውን ዋጋ፣ የአህያዋ እግር እንዴት እንደተሰበረ፣ የጎረቤት ልጅ ማንን እንዳገባች፣ ልጅ ሳለ ከዛፍ ወድቆ ያገኘውን ጠባሳ። እኔ ትንፋሼን ውጬ ቆሜያለሁ፤ ክንዴ ደንዝዟል፣ ግን አላወረድኩም። መልሼ ሳሰማ ተፈራ እስከ መጨረሻው አዳመጠና ማዳመጫውን አውልቆ፣ “እሳቸው ናቸው” አለ። በሕይወቴ ብዙ ሙገሳ ሰምቻለሁ፣ የሚበዛውን ራሴ ነኝ ያልኩት፤ እንደዚያች ሁለት ቃል ግን የሚያኮራ አልሰማሁም። መኪናው ጥሩንባውን ሲነፋ ሸሚዙን አውልቄ፣ እሳቸው አጣጥፈው፣ ከካሴቱ ጋር ለተፈራ ሰጡት። እኔ ወደ ቴትሮኔ ተመለስኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ እናት ልቀርጽ ቀርከሃዬን ሳነሳ፣ በውስጡ አንድ ነገር “ቅጭል” ብሎ ከዚህ ጫፍ ወደዚያ ጫፍ ተንሸራተተ። ጉድ፣ ደግሞ ምን መጣ ብዬ ጥጥ ለብሻለሁ አልለበስኩም እያልኩ ራሴን መረመርኩ። ቀርከሃውን አቁሜ ባራግፈው ነጭ አዝራር ከነክሩ መሬት ላይ ወደቀ። ሆዴን የሳብኩበት የሰይድ ሸሚዝ ሁለተኛው አዝራር ነው፤ የቀርከሃው አፍ ደረቴ ላይ ጨምድዶ በጥሶት ውስጡ ከቶታል። ሰው በሚመጣ ጊዜ እልከዋለሁ ብዬ ክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጥኩት።

የሚመጣ ሰው ሳላገኝ መልሱ መጣ። እትዬ ዘይነባ ደብዳቤውን ይዘው ዳገቱን ወጡ፣ አንተ አንብብልኝ አሉ። በረንዳው ሞላ። ሰይድ በገዛ እጁ ነው የጻፈው። ድምፅሽን ሰማሁ ይላል፤ ጓዳችን ሁሉ አብሮኝ ሰማ፣ የአንዱ እናት ጎጃም የአንዱም ሐረር ሆና ሳለ ሁሉም የእኔ ናት አሉ፤ በላሁ ይላል። ሴትዮዋ ሻሻቸውን ዓይናቸው ላይ ያዙ፤ ጋሽ በቀለ እንኳ መርገጫውን አቆመ። አንደበቴ ሞቅ ብሎት ቀጥዬ ሳነብ የሚከተለው መስመር ላይ ዓይኔ ደረሰ። ሸሚዙ ደርሶኛል፣ ሁለተኛው አዝራር ግን የለውም፤ እናቴ ዓይንሽ ደክሞ መሆን አለበትና ከእንግዲህ በኩራዝ አትስፊ ይላል።

ክብሪት ቀፎው ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ እጄን ብዘረጋ ይደርሳል። ግን በረንዳው ሙሉ ሰው እኔን እያየኝ ነበር፤ የእትዬ ዘይነባን ድምፅ ያጠራው ባለሙያ እኔ ነኝ። መስመሩን ዘለልኩት። ወደ ሰላምታው ሄድኩ። “ይኸው ነው?” ሲሉኝ፣ ይኸው ነው እትዬ አልኩ። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ፤ ሙሉውን ተቀበልኩት።

ሰይድ ደህና ተመለሰ። ዛሬ ሽበቱ ከእኔ ይበልጣል፤ አልዩ አምባ ሱቅ አለው፣ ደብረ ብርሃን ሲመጣ ሳይስመኝ አያልፍም። እናቱ ያረፉ ጊዜ ለለቅሶ ወርጄ ነበር። ሰይድ የእጃቸውን ሙያ ለለቀስተኛው ሲያወራ፣ እንዲያም ሆኖ አንዴ ሸሚዝ ሰፍታልኝ አንድ አዝራር ረስታ ነበር ብሎ በእንባው መሐል ሳቀ። ሰውም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሴትዮዋ ምንም አልረሱም ነበር። ለልጃቸው ሄጄ ልነግረው ይገባኛል፤ አዝራሩንም አልመለስኩለትም።